ትንሿ የመደመር ምልክት

መምህሩን ከዳይሬክተሯ ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ «ግራ ቀኝ» እያለ የማይጠራው አልነበረም። ፊት ለፊቱ «መምህር»፣ ዞር ሲል «ግራ ቀኝ»። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እየደጋገመ ያስተማረ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለት? ሊሚት የሚባለውን ትምህርት የሚጀምር ቀን ሰሌዳው ላይ አግድም መስመር ያሰምርና መሀሉ ላይ ሁለት ቁጥርን ይጽፋል።

«ወደዚህች ቁጥር ከግራ እየተጠጋችሁ ስትመጡ መልሱ ወዴት ያመራል? ከቀኝ ስትመጡስ? ሁለቱም አንድ ነገር ካሉ ሊሚት አለ። አንዱ ሌላ፣ ሌላውም ሌላ ካለ የለም። በአንድ ወገን ወሬ ብቻ የሚፈርድ ሰው እኔ ክፍል አይገባም።»

ተማሪው ይስቃል። እሱ አይስቅም፣ የምሩን ነው።

ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ምልክቶች ይሄዳል። «ከቁጥሯ ራስ ላይ የምስር ቅንጣት የማታክል የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ የተጠየቃችሁት የቀኙን ብቻ ነው፤ ግራውን እርሱት። የመቀነስ ምልክት ከሆነች የግራውን ብቻ። ምንም ከሌለ ሁለቱንም። ምልክቷ መኖር አለመኖሯን ሳያጣራ እስክሪብቶ ያነሳ ልጅ እኔ አስተማረኝ እንዳይል።»

ይህን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ የሰማችው የገዛ ልጁ ነበረች። ቤት ውስጥም ክፍል ውስጥም እየሰማችው ነው ያደገችው። አንድ ልጁ ናት። ገና በእጁ ይዟት ሲሄድ ድልድይ ላይ በደረሱ ቁጥር ትቆምና «አባዬ፣ ይሄ ለምን አይወድቅም?» ትለው ነበር። ጥያቄው አልለቀቃትም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላትም ያው ድልድይ መሥራት ነው የምትፈልገው። ለዚህ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነበር። በመጨረሻው የሒሳብ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ብቻ በቀጥታ የምሕንድስና ኮሌጅ ይገባሉ። አራተኛ የወጣ ወረፋ ይይዛል፤ ያ ወረፋ ደርሶት የገባ ሰው እስካሁን አልታየም።

የዚያን ፈተና ወረቀት አንዱ መምህር ያወጣዋል፣ ሌላው መልሱን ይሠራል፣ ግራ ቀኝ ደግሞ ሁለቱን አመሳክሮ ይፈርማል። እሱ ከፈረመ በኋላ ማንም አይነካውም። ልጁ የምትፈተንበት ዓመት ሲደርስ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቶ «ዘንድሮ እኔን ተዉኝ፣ ልጄ ትፈተናለች» አላት።

«ኧረ ባክዎ መምህር። እርስዎ ካልፈረሙበት እኔ ራሴ አላምነውም» አለችው።

ደስ አለው። እውነቱን እንነጋገርና፣ የጠየቃትም እንዲህ እንድትለው ነበር።

እዚያ ትምህርት ቤት አንድ የቆየ ችግር አለ። ጸሐፊዋ ፈተናውን ስትተይብ እነዚያን ትንንሽ ምልክቶች ከቁጥሩ ራስ ላይ ማውጣት አትችልም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው ወይስ የእሷ የሚለው ክርክር ስንት ዓመቱ፣ ገና አልተፈታም። ስለዚህ ወረቀቱ ወደ ማባዣ ማሽን ከመሄዱ በፊት ግራ ቀኝ በቀጭን ጥቁር እስክሪብቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በእጁ ያስገባል። ጽሕፈቱ ከማሽን አይለይም። በዚህም ይኮራል፤ ሰው በምን እንደሚኮራ አይታወቅም።

ውጤቱ ማክሰኞ ጠዋት ተለጠፈ። ግራ ቀኝ በሩ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ቆቡን አውልቆ እየጠበቀው ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍትለት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን አፉ አልዘጋ አለ።

«መምህር፣ ልጄ ሦስተኛ ወጣች አሉኝ። የሚቀልዱብኝ ከሆነስ ብዬ ነው። እርስዎ አይተው ይንገሩኝ።»

አብረው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ሦስተኛ፣ የዘበኛው ልጅ፣ ሠላሳ ስምንት ከአርባ። አራተኛ፣ የራሱ ልጅ፣ ሠላሳ ሰባት። ግራ ቀኝ ሁለቱን መስመሮች ደጋግሞ አነበባቸው።

«እውነት ነው። እንኳን ደስ ያለህ» አለው።

ዘበኛው ትከሻውን ይዞ ሳመው። አራተኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች አላየም፣ ልቡም እዚያ አልነበረም። ደስ ያለው ሰው ምን ያያል።

ማታ ቤት ሲገባ ልጁ አላለቀሰችም። ብታለቅስለት ይሻለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ አርባውን ጥያቄ ከራሷ እያወጣች ትጽፋለች። የጥያቄ ወረቀቶቹ ሌላ ዓመት እንዳይሾልኩ እርማቱ ባለቀ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በርሜል ውስጥ ተቃጥለዋል። እሷ ግን አንድም ሳታስቀር ታስታውሳቸዋለች።

«ሁለት ነው የሳትኩት፤ የትኞቹ እንደሆኑም አውቃለሁ» አለችው። «ሦስተኛው ከየት መጣ? አሳየኝ አባዬ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ በአንድ ሄዱ። እናትየዋ በመስኮቱ በኩል የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች በጎን ትሰማለች። አሥራ ስድስት አለፈ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግራ ቀኝ ጣቱን አሳረፈበት። ቀላል ጥያቄ ናት፦ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት፣ ከላይ ፍጹም ዋጋው፣ ከታች ራሱ፤ ኤክስ ወደ ሁለት ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? ከሁለት በላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ብታስገቡ አንድ ይወጣል፣ ከሁለት በታች ያለ ሁሉ ደግሞ ነጌቲቭ አንድ። ልጅቷ የመረጠችው «መ»ን ነው፤ ሊሚት የለውም።

«የመደመር ምልክቷን ረሳሻት» አላት። «ከቀኝ ብቻ ነው የሚለው። መልሱ ‹ሀ› ነው፣ አንድ።»

«አልነበረችም።»

«ነበረች እንጂ። በገዛ እጄ ነው ያስገባኋት።»

«አባዬ፣ ሦስት ጊዜ ፈልጌያታለሁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሁሉ አዙሬ አየሁ። አንተ አይደለህ እንዴ ፈልጉ የምትለን?»

«ስላላየሻት የለችም ማለት አይደለም። ችኮላ ነው ይሄ።»

ልብ በሉልኝ፣ በዚያች ሰዓት አልዋሸም። ምልክቷን እንዳስገባት ያምን ነበር፤ እጁ ሁሉ የሚያስታውሳት ይመስለዋል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ችኮላ መከራት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

እናትየዋ መኪናዋን አቆመች። «ይቺ ልጅ እኮ መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ ናት» አለች። «አንዴ ነው የምታስገባው፣ ስታ አታውቅም። አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ወረቀቱን ሄደህ እየው።»

«ሒሳብ ልብስ ስፌት አይደለም» አላት።

ቢሆንም ረቡዕ ጠዋት ሄዶ አየው። ፈተናው የሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን ቁልፍ ከዳይሬክተሯ ሌላ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ቅጂዎቹ የተባዙበትን ዋናውን ወረቀት አወጣና ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። አሥራ ስድስተኛው ላይ የመቀነስ ምልክት አለች። አሥራ ስምንተኛው ላይ የመደመር አለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ምንም የለም።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠርዝ ጠራረገና መልሶ አደረገው። አሁንም የለም።

ያኔ ትዝ አለው። አሥራ ስድስተኛውን እንደጨረሰ የማባዣው ሰውዬ በሩን አንኳክቶ የወረቀት ቁጥር ጠይቆት ነበር። ተነስቶ መለሰለት፣ ተመልሶ ተቀመጠና ከአሥራ ስምንተኛው ቀጠለ። ሲያመሳክርም መልሱ አንድ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ ዓይኑ የሌለችውን ምልክት እንዳለች አድርጎ አነበበ። ከሥሩ ፈረመ። ይሄው ነው ነገሩ። ወፍጮ የሚያህል ስሕተት አይደለም፣ የምስር ቅንጣት ነው።

የመልስ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ከመቶ ምናምን ልጅ «መ»ን የመረጡት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። እነማን እንደሆኑ ስማቸውን ሳያይ ያውቃል፤ የክፍሉ ጎበዞች ናቸው። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አሉበት፣ እነሱ ሌላውን ሁሉ ስለሠሩ አልጎዳቸውም። ልጁ አለችበት። ሦስትን አስገብቶ አንድ ያገኘና ወደ ግራ ዞሮ ያላየ ሁሉ ደግሞ ትክክል ተብሎለታል። የዘበኛው ልጅ «ሀ» ነው የመረጠችው። ቢታረም የእሱ ልጅ ሠላሳ ስምንት፣ የዘበኛው ልጅ ሠላሳ ሰባት። ቦታ ይለዋወጣሉ።

አቤቱታ የሚዘጋው አርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ተቀመጠ፣ ጀመረውም። «በአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ የተፈጠረው ስሕተት የእኔ» ብሎ ጽፎ «ነው» ሊል ሲል ዳይሬክተሯ ሻይ ይዛ ገባች።

«መምህር፣ እዚህ ነዎት? እኔ ደግሞ ላመሰግንዎት ስፈልግዎት» አለች። «ሰው ምን ሲል እንደከረመ ያውቃሉ? ልጁን ሊያስገባ ነው የፈረመው እያለ ነበር። አራተኛ ስትወጣ ሁሉም አፉን ያዘ። የበላይ ኃላፊዬ እንኳ ‹ዛሬም እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ› አለኝ። ጡረታ የሚወጡ ቀን ይሄንኑ ነው ቆሜ የምናገረው።»

ግራ ቀኝ መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ምን እየጻፉ ነው?»

«ምንም። ማስታወሻ ነገር ናት» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ዳይሬክተሯ ስትወጣ ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረ ሰው ምክንያት አያጣም። ማን ያምነኛል? አለ። ልጁ አራተኛ ስትወጣበት መልሱን ለወጠ ይሉኛል። ደግሞስ ዘበኛውን ምን ብዬ ነው የማየው? ትናንት የሳመኝን ሰው፣ ልጅህ ወድቃለች ልበለው? የእኔ ልጅ እናት አባት አላት፣ ሌላ መንገድ ታገኛለች። ይሄ ሁሉ ምክንያት ውሃ የማያነሳ አልነበረም፤ ለዘበኛው ማዘኑም የእውነቱን ነው። ግን ከሁሉም ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም ስሙ ነው። ግራ ቀኝ ምልክት ረሳ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ፈረመ። ተማሪው እየሳቀ ሲያወራው፣ መምህራኑ ሻይ ቤት ሲቀባበሉት ታየው። ይሄንን መቻል አልቻለም። የልጁን ጉዳት መቻል ቻለ።

ቀጭኗን እስክሪብቶ አወጣ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ፣ ከሁለቷ ራስ፣ ትንሽ የመደመር ምልክት አስገባ። ከሁሉም ያማረች እሷ ናት። ቁም ሣጥኑን ቆለፈና ክፍል ገባ።

ማታ ልጁ ምንም ሳትጠይቀው እሱ ቀደማት።

«አየሁት። ምልክቷ አለች» አላት።

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያም ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ነገሩ እዚህ የሚያበቃ መስሎት ነበር። ልጁን ግን ራሱ ነው ያሳደጋት፤ በአንድ ወገን ቃል የምትረካ ልጅ አይደለችም። ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ዳይሬክተሯ ጋ ሄደች። የመልስ ወረቀቱን ከዋናው ጋር ማየት የማንኛውም ተማሪ መብት ነው። ዳይሬክተሯ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሁለቱንም ፊቷ ዘረጋችላት። ልጅቷ ሁለተኛውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየችው አሉ። ወደ መስኮቱም ወሰደችው። ከዚያ አመስግና ወጣች።

ቤት ስትገባ ግራ ቀኝ እየተመገበ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ልክ ነህ፤ አለች» አለችው። «ስለተከራከርኩህ ይቅርታ።»

ጉርሻውን በውሃ አወረደው። «ምንም አይደል» አላት። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ልጅ አባቷን ይቅርታ ስትጠይቅ፣ አባት «ምንም አይደል» ሲል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በመረጠ ነበር። ምድር ግን እንዲህ በቀላሉ አትከፈትም፤ ስለዚህ ሳህኑን ጨረሰ።

አርብ ጠዋት ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነበረ። አራት ሰዓት ላይ «ገና ሁለት ሰዓት አለ» አለ። አምስት ላይ «ገና አንድ ሰዓት» አለ። አምስት ተኩል ላይ ከመምህራን ክፍል ተነስቶ እስከ ዳይሬክተሯ በር ድረስ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ «ይግቡ መምህር» አለችው፤ «ጠመኔ ፈልጌ ነው» አላት። ጠመኔውን ተቀብሎ ተመለሰ። ከስድስት ሰዓት ወዲህ ሆነው ሲጠጉት ሁሉም ነገር ይቻል ነበር። ደወሉ ሲደወል ከወዲያ ማዶ ያለው ብቻ ቀረ። ደብዳቤውን ቆራርጦ ቅርጫት ውስጥ ጣለው፤ ያች «ነው» የምትለዋ ቃል እስከ መጨረሻው አልተጻፈችም።

ሰኞ ዕለት እናትየዋ ሥራዋን አስቀምጣ ልጅቷን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደቻት። ልጅቷ ራሷ ናት የጠየቀችው። ከዓይን ሐኪም ሲመለሱ ግራ ቀኝ የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። እናትየዋ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበበች» አለች፤ ለልጅቷ ሳይሆን ለእሱ ነው የምትናገረው። «ሐኪሙ ከዚያ በታች የምትነበብ ፊደል የለኝም አለ። መነጽር እንዳዝ ብትለምኚኝ እንኳ አላዝም አለኝ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።»

«ምንም የምትለው ነገር የለህም?»

«ጤና ከሆነች ጥሩ ነው እንጂ ምን እላለሁ።»

እናትየዋ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ ፊቱን ታውቀዋለች። ግን የምታውቀውና የምትይዘው ነገር የተለያየ ነው፤ የምትይዘው ማስረጃ አልነበራትም። ወደ መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች፤ እግሯን ግን መርገጫው ላይ አላደረገችም።

ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ መጥታ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከማክሰኞ ወዲህ ከስታ ነበር። ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነው፤ አስባበት የመጣች ሰው ድምፅ ነው።

«ዓይኔ ደህና ከሆነ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው» አለች። «ሌላ ምን ይሆናል? ሦስት ጊዜ ፈልጌያት አጣኋት፣ ግን አለች። እዚያው ነበረች። ሐሙስ ዕለት ሳያት ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ፈራሁ። ሌላውስ ስንት ነገር እንዲህ አልፎኝ ይሆን አልኩ። የሠራሁትን ሁሉ እንደገና ማየት ጀመርኩ፤ አሁን አንዱንም አላምነው ብያለሁ። ሁለት ሲደመር ሁለት እንኳ ቆም ብዬ ነው የምጽፈው።»

ግራ ቀኝ ቀይ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተው፣ አወጣው፣ መልሶ ከተተው።

«ወረፋ ይዤ በሚቀጥለው ዓመት ልሞክር እያልኩ ነበር» አለችው። «እማዬ ሞክሪ ትላለች። እኔ ግን አንተን ልጠይቅህ ብዬ ነው። አንተ አታባብለኝም። ያለውን ነገር ሦስት ጊዜ አይቶ የለም ብሎ የሚምል ሰው ድልድይ ይሥራ ትላለህ?»

እናትየዋ ዞራ አየችው። አሁን ደብዳቤ አያስፈልግም፣ ማኅተም አያስፈልግም። ኮሌጁ ቢያመልጥም ልጁ አላመለጠችውም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አፍ አፉን እያየችው ነው። «ምልክቷ አልነበረችም፣ እኔ ነኝ በኋላ ያስገባኋት» ብሎ መተንፈስ ብቻ ነበር የቀረው። አፉን ከፈተ። የሚስቱ ዓይን ላይ የተጻፈውን ትዝብት አነበበ፣ ቢናገር ልጁም በዚያው ዓይን ልታየው ነው።

«ይቅርብሽ የኔ ልጅ» አላት።

ልጅቷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። በዚህ ዓለም ከአባቷ አብልጣ የምታምነው ሰው አልነበራትም።